የስለት ብር

ሁለት ነበሩ ምርጫዎቼ።
አንዱ አዲስ፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከመሣሪያ ሱቅ፣
ቀለሙ ከረሜላ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ፤
ሻጩ «ዋስትና አለው» ብሎ፣ ስንት ወር ስለው ዋጠ፤
በአንድ እጄ ገፋ ባደርገው ከነጠረጴዛው ፈረጠጠ።

ሌላው ወንጂ፣ የጨረታ ግቢ ጥግ ላይ፣
እርግብ የለሰነው፣ የሸንኮራ ጥላሸት የጠጣ፣
ስሙ ያለበት ነሐስ ከግንባሩ የተፋቀ፣
የልጄን ዕድሜ የሚያህል ዘመን ሞተሩ ያልሞቀ።
እንዝርቱን ጨብጬ ወዲያ ወዲህ ነቀነቅሁ፤
ዝም።
የፀጉር ያህል እንኳ አልተወዛወዘም።
ገበታውን በአንድ ጣት ገፋሁት፤ ሄደ፣
እንደ ሽማግሌ፣ የሚያውቀውን ቁልቁለት እየወረደ።

የጥርስ ማረፊያው ጣት ጠፍቷል። እሱን ራሴ እሠራለሁ።
ሞተሩ ሦስት ፌዝ ነው፣ የእኔ ቤት አንድ።
ያረጀ የውሃ ፓምፕ አለ፣ የሱን ሞተር እነቅላለሁ።
እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሰው ራሱን የሚያግባባው።

ብሩ ግን የይርገዱ ነበር።
ለሳሌ ነው የተሳለችው፣ «ብቻ ይተወው» ብላ፣
ከሳጥኗ ሥር ያኖረችው፣ በሻሽ ጠቅልላ።
የስለቱን ብር አውጥቼ ስለት ማውጫ ገዛሁበት።
«ቃሉ እኮ ያው ነው» ብዬ ብቀልድ
አልሳቀችም።
አይሱዙው ሲመጣ ግን በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤
ቱፋና ጫኝ ጓደኞቹ ሲያወርዱት
«ቀስ! ግድግዳዬን!» ስትል ሰፈሩ ሰማት።

ድንጋዩን ከመግጠምህ በፊት ጠይቀው።
ጣትህ ላይ አንጠልጥለህ በመዶሻ እጀታ መታ አድርገው።
የመጀመሪያው ሳለ፤ ደረቅ፣ ስንጥቅ ድምፅ፣ እንደ እኔው።
ጣልሁት። ቢዞር ፊቴ ላይ ነበር የሚበተነው።
ሁለተኛው እንደ ደወል ጮኸ፣
ይርገዱ ከጓዳ «ማነው? ይግቡ!» አለች።

ከጋራዥ የመጣ ፍሬዛ፤ አሥራ ሁለት ጥርስ፣
ሁሉም የደነዘዘ፣ አንዱ ጫፉ የተጎረደ።
ጀርባቸውን በማርከር አጠቆርሁ።
አምስት ዲግሪ።
ስምንት ብታደርገው ጠርዙ ይሳሳል፣
ሁለት ብታደርገው አይቆርጥም፣ ብረቱን ያሻል፣ ያለቅሳል።
ንካው እንጂ አትጫነው።
ማርከሩ እስከ ጠርዙ ሲለቅ፣ በቃ፣ ወደሚቀጥለው።
የቸኮለ ጥርሱን ሰማያዊ ያደርገዋል፤
ሰማያዊ ማለት፣ ያጠጡት ውሃ ወጥቶለታል፤
ከዚያ ወዲያ መልኩ ጥርስ ነው፣ ሥራው ድድ።

ይርገዱ አሮጌ የትራስ ልብስ ቀዳ
በሦስት እጥፍ ሰፋችልኝ፣ ለአፍንጫና ለአፌ።
ሳትናገር ከማጅራቴ አሰረችው።
ንዴቷን ቋጠሮው ላይ አገኘሁት፣
ማታ ስፈታው ጥፍሬን ያስለቀቀኝ።
መስኮቱን ወለል አደረግሁ፤
ዕድሜ ልኬን ያማረርሁት የአዳማ ነፋስ
ገብቶ ብናኙን ይዞልኝ ወጣ፣
እነወይንሸት የተሰጣ ልብስ ላይ።
ነገ እሰማዋለሁ።

ትናንት ማታ፣ አሥራ አንደኛው ጥርስ ላይ አልቄ
ለአሥራ ሁለተኛው፣ ለጎራዳው፣ ገበታውን ስመልስ
መብራት ሄደ።
ድንጋዩ ግን አልሰማም፤
በጨለማው ውስጥ ይዞራል፣
ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣
ከእግዚኦታ ወደ ትንኝ።
እጄን ሰብስቤ ቆምሁ። የማይታይ ነገር አይነካም።
ጉሮሮዬ ቆረቆረኝ፣ ያው እንደልማዴ።

በሯ ላይ የስልክ መብራት።
«ሳልክ?»
«አሥራ አንዱን፤ አንድ ቀረኝ» አልኋት።
«እሱን አልጠየቅሁህም» አለች፣
መብራቱንም ወደ ድንጋዩ አዞረችው፣
እስኪቆም።